ለኬጂ ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ
ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ በታሸገ ፖስታ ስለተላከው ወረቀት

የተከበራችሁ ወላጆች፣

በቅድሚያ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የሦስተኛው ሩብ ዓመት ውጤት ቅዳሜ ጠዋት ይሰጣል፤ የክረምት ትምህርት ምዝገባም ተጀምሯል። ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

ባለፈው ሳምንት ለአራት ልጆች ወላጆች፣ ልጃቸውን ለሐኪም እንዲያሳዩ የሚመክር ወረቀት በታሸገ ፖስታ ልከን ነበር። የታሸገው ፖስታ በማግስቱ የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተዘርግፎ አደረ። «ትምህርት ቤቱ የኦቲዝም ማዕከል ሆነ እንዴ?» ተባለ፤ 37 ወላጆች የፈረሙበት አቤቱታም ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። (37 ያልኩት ሁለት ጊዜ የፈረሙትን ቀንሼ ነው።) ቅሬታ ማቅረብ መብታችሁ ነው። መልስ መስጠት ደግሞ የእኔ ሥራ ነው።

«አራት አይበዛም ወይ?» ለሚለው፦ የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2021 እ.ኤ.አ. ከ127 ሰው አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ነው። እኛ 760 ተማሪዎች አሉን። ሒሳቡን የአራተኛ ክፍል ልጆቻችን ይሠሩታል፤ ስድስት ገደማ ይመጣል። አሜሪካ ውስጥ ክትትል በሚደረግባቸው አካባቢዎች ከስምንት ዓመት ልጆች መካከል በ2000 እ.ኤ.አ. ከ150 አንድ የነበረው፣ በ2022 ከ31 አንድ ሆኗል። ይህን ሳነሳ «ታዲያ ወረርሽኝ ነው» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ኦቲዝም ከልጅ ወደ ልጅ አይተላለፍም፤ አብሮ በመቀመጥም፣ ምሳ ዕቃ በመጋራትም። ለቁጥሩ መጨመር ትልቁ ምክንያት መለኪያው መስፋቱና ምልክቱን አይቶ የሚያስመረምረው መብዛቱ ነው፤ ድሮ «ባለጌ» ወይም «ዘገምተኛ» ተብሎ የኋላ ወንበር ላይ ይቀር የነበረው ልጅ አሁን ይቆጠራል።

«መምህሯ ከመቼ ወዲህ ሐኪም ሆነች?» ለሚለው፦ አልሆነችም። ወረቀቱ ላይ «ኦቲዝም» የሚል ቃል የለም፤ ያየችውን ብቻ ነው የጻፈችው። የልጁን ወላጆች አስፈቅጄ ከአንዱ ልጥቀስ፦ «ከኋላው ሆኜ ስሙን አራት ጊዜ ጠራሁት፣ አልዞረም። የብስኩት ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ግን ከክፍሉ ጥግ ዞረ።» ይህ ስድብ ነው? ሐኪሙ የሚፈልገው እኮ እንዲህ ያለውን ነው። ኦቲዝም በደም ምርመራ አይገኝም፣ በራጅም አይታይም። ሐኪሙ፣ ልጁ መቼ በጣቱ መጠቆም እንደጀመረ፣ መቼ አፉን እንደፈታ ከወላጅ ይጠይቃል፤ ልጁ ሲጫወት ቁጭ ብሎ ያያል፤ መስማት አለመስማቱንም ያስመረምራል።

«አባቱም አፉን የፈታው በአራት ዓመቱ ነው» ያላችሁኝ አያት፣ እውነት ይሆናል እማማ። መናገር መዘግየት ብቻውን ኦቲዝም አይባልም። ከሰው ጋር መግባባት መቸገሩ፣ እንዲሁም የሚደጋገም ጠባይ ወይም በድምፅና በብርሃን ከመጠን በላይ መረበሹ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ከሕፃንነት ጀምሮ መኖር አለባቸው። ያንን የሚለየው ባለሙያ ነው። «ትንሽ ይደግና እናያለን» የምትሉም አላችሁ፤ የሠለጠነ ባለሙያ ከሁለት ዓመት ጀምሮ መለየት ይችላል፣ የእኛዎቹ አምስት ሞልቷቸዋል። «ክትባት ኦቲዝም ያመጣል» ላላችሁም፦ ወሬውን ያስነሳውን የ1998 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ ያሳተመው መጽሔት ራሱ በ2010 ሰርዞታል።

«ወደ ጆይ ወይም ወደ ነህምያ ኦቲዝም ማዕከል ይላኩ» የሚለውን ሐሳብ ሳነብ ወይዘሮ ዘሚ የኑስን አስታወስኩ። ጆይን የከፈቱት ልጃቸውን የሚይዝላቸው ትምህርት ቤት አጥተው ነው። በማዕከላቱ ቦታ ለማግኘት ተራ የሚጠብቀው ብዙ ነው፤ ገና ያልተመረመረ ልጅ ደግሞ የትም አይላክም። «ከፍለን ነው የምናስተምረው» ለምትሉም፣ እነዚህ አራት ቤተሰቦችም ይከፍላሉ፣ ያውም በወሩ መጀመሪያ። ከፈራሚዎቹ ውስጥ የሚያዝያ ክፍያ ያለበትን አልጠቅስም።

ድምፅ የሚረብሻቸው ልጆች ስላሉ የኬጂ ደወል በጭብጨባ መተካቱ ይቀጥላል። ፖስታ የደረሳችሁ ወላጆች የመምህሯን ሙሉ ማስታወሻ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከቢሮዬ ውሰዱ፤ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ይጠቅማችኋል። አንድ ልጅ ጆሮውን ይዞ ሲያለቅስ በአጥር አሾልከው ፎቶ አንስተው ግሩፑ ላይ የለጠፉት ወላጅ እስከ ነገ ጠዋት እንዲያጠፉት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ማን እንደሆኑ አውቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህር

ግልባጭ፦
ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት