ኮልቲሽ ስላሉሽ

ይድረስ ለልጄ፣

እንዴት ነሽ እናቴ? ቅዳሜ ማታ በስልክ ስናወራ ድምፅሽ ደስ አላለኝም። "ምን ሆነሻል?" ስልሽ "ምንም" አልሽኝ። ነገሩን የሰማሁት በኋላ ከአክስትሽ ነው። የዳንስ አስተማሪሽ በእንግሊዝኛ "ኮልቲሽ" አለችሽ፣ ልጆቹ ሳቁ፣ አንቺም ስድብ መስሎሽ ከፋሽ።

እኔም ቃሉን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ኮልት ሲባል ቶሎ የሚመጣልኝ ሽጉጡ ነው። እሱ ግን ስሙን ያገኘው ከሠራው አሜሪካዊ ከሳሙኤል ኮልት ነው። ያንቺን ቃል ፍለጋ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ አመሸሁ።

ኮልት ውርንጭላ ነው። ዛሬ በእንግሊዝኛ ኮልት የሚባለው አራት ዓመት ያልሞላው ወንድ ፈረስ ነው፤ ሴቷ ፊሊ ትባላለች። ድሮ ግን ለአህያም ለግመልም ልጅ ይሉት ነበር። በ1611 እ.ኤ.አ. በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። በሆሳዕና ሲነበብ የምትሰሚው "ውርንጫ" እዚያ ኮልት ነው። ከልጅነትሽ ጀምሮ የምታውቂው ቃል ነው እኮ።

መጨረሻው ላይ ያለችው "ኢሽ" "እንደ" እንደማለት ናት። ቻይልዲሽ፣ ማለትም እንደ ሕፃን፣ ሲሉ ማናናቅ አለበት። ኮልቲሽም ጥንት ክፉ ነበር፤ ያልተገራ፣ ልቅ ማለት ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዛዊው ገጣሚ ጄፍሪ ቾሰር ቃሉን የጻፈው ልጅ ላገባ ሽማግሌ ነው። ዛሬ ግን ሲሉት ፍቅር አለበት። ኮልት ወንዱ ቢሆንም ኮልቲሽ ለሴት ልጅም ይባላል፤ በተለይ እግሯ ቀድሞ ለረዘመ ልጅ።

እግሩን ልንገርሽ። የፈረስ ውርንጭላ ሲወለድ አላየሽም። እኔ ባንቺ ዕድሜ አያትሽ ግቢ አይቻለሁ። ዳማዋ ባዝራ ሊነጋጋ ሲል ወለደች። ገና እርጥብ ነበር። አራት እግሩን አንፈራጦ ተነሳ፣ ወደቀ። ደግሞ ተነሳ። ሰዓት ሳይሞላው ቆሞ የእናቱን ጡት ፈለገ። ገላው ትንሽ ነው፤ እግሩ ግን የእናቱን ሊያክል ምንም አልቀረው። ፈረስ ሮጦ የሚያመልጥ እንስሳ ስለሆነ እግሩ ይቀድማል፣ ሌላው ገላ ቀስ እያለ ይደርስበታል። ሣር መቅመስ ሲጀምር አፉ መሬት አልደርስለት ብሎ የፊት እግሮቹን ፈርከክ ያደርግ ነበር። ማንም ሳያባርረው ድንገት ብድግ ብሎ ሜዳውን ሲዞረው፣ ሲራገጥ፣ ተመልሶ እናቱ ጎን ሲለጠፍ ውዬ ባየው አልጠግብም ነበር።

እኛስ ለልጅ "ቦረቀ" እንል የለ? ጥጃም ይቦርቃል፣ ሕፃንም ይቦርቃል። እንግሊዞቹም ከበረታቸው ያገኙት ቃል ነው።

አስተማሪሽ ያየችው ይህን ይመስለኛል። የሳቁትም ልጆች ትርጉሙን የሚያውቁት አይመስለኝም። ባለፈው በላክሽልኝ ፎቶ ላይ አምና የተገዛው ሱሪ ከቁርጭምጭሚትሽ በላይ ቀርቷል። ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። ያቺ ክንዴ ላይ የምትተኛው ልጅ መቼ እንዲህ ተመዘዘች?

ሰኞ ዳንሱ እንዴት እንደነበር ደውለሽ ንገሪኝ። ለአክስትሽ አዲስ ሱሪ እንድትገዛልሽ ነግሬያታለሁ፤ ረዘም ያለውን ምረጪ።

አባትሽ