የቦሩ ሜዳ የብረት ወፎች ወድቀዋል፤ ሰኔ ሳይገባ ድረሱልን

የተከበራችሁ የደሴና የቦሩ ሜዳ ልጆች፣ አገር ቤትም ውጭም ያላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ደግመን ስናስቸግራችሁ እያፈርን ነው። ወፍ የሚፈለፍልበት ሳር እንዳይታጨድና እንዳይታረስ፣ ወሰን ብለን በየማሳው ዳር ካቆምናቸው የብረት ወፎች አብዛኞቹ ባለፈው ክረምት ወድቀዋል። ማንም አልነቀላቸውም። መሬቱ መረሬ ነው፤ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ መሠረቱን ፈንቅሎ ጣለው።

«ለብረት ወፍ ይሄ ሁሉ ብር?» የሚለው ቅሬ (እድር) ላይም ተነስቷል። ብረቱን ጋራዦች በነጻ ሰጥተውናል፤ በያጁም ግማሽ ድካሙን ምሮናል። ትልቁ ወጪ የሳር ካሳ ነው። ገበሬው ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ ዳሩን ሳያጭድ፣ ከብትም ሳያስገባ ሲቆይ ድርቆሹ ይቀርበታል። እሱን ከፍለናል፤ አሁንም እንከፍላለን።

«ምነው አጠሩ?» ላላችሁም፦ ከሰው ወገብ እንዳይበልጡ ያደረግነው አውቀን ነው። ረጅም ቢሆኑ ጭልፊት ይቀመጥባቸዋል፤ መሬት ላይ የሚፈለፍሉ ወፎችም ረጅም ነገር ካለበት ይሸሻሉ። አናታቸው የሾለውም ለዚሁ ነው። ሥራቸው ወሰን መሆን ነው፤ ማጭድም ማረሻም ከእነሱ አያልፍም። ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘው፣ ጉሮሮው ብርቱካንማ፣ ደረቱ ላይ እንደ ማተብ ጥቁር መስመር ያለው ወፍ ጎጆውን የሚሠራው እዚያው ሳር ሥር፣ መሬት ላይ ነው። ትናንት ወንጭፍ ይዘው ይዞሩ የነበሩት ልጆች ዛሬ ከብት ሲገባ ቀድመው የሚጮኹት እነሱ ናቸው። ይህን በገንዘብ አንተምነውም።

ሙስሊሙ ከዘራው ወፍ ቢበላለት ሶደቃ እንደሚሆንለት ያውቃል፤ ክርስቲያኑም «ወደ ሰማይ ወፎች ተመልከቱ» የሚለውን ሲሰማ ነው ያደገው። በወሎ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም ነበር፤ ግን ቃል ከገቡት ብዙዎቹ ስልክ ማንሳት ትተዋል።

አሁን የሚያስፈልገን 12 ኩንታል ሲሚንቶና አንድ ሲኖትራክ ድንጋይና ጠጠር ነው። መረሬውን አልፈን ጠንካራው መሬት ላይ እንመሠርታለን። ቁፋሮው በደቦ ነው፤ ጉልበት ያለው አካፋውን ይዞ ይምጣ።

ገንዘብ በኮሚቴው ስም በተከፈተው የባንክ ሂሳብ ብቻ ይግባ። ቁጥሩን ከቅሬው ጸሐፊ ውሰዱ፤ ያለ ሦስት ፊርማ አይወጣም። በግለሰብ ስም በቴሌብር አትላኩ፤ የኮሚቴ አባል ነኝ ያላችሁ ቢኖርም አትላኩ። ደረሰኙን ያዙ። ደግመን እንላለን፦ በኮሚቴው ሂሳብ ብቻ፣ ሰኔ ሳይገባ።

ኮሚቴው