ሊሾው ይቆይ

አሰላሙ አለይኩም እማ፣ እንዴት ከረምሽ፣ ወገብሽስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። ሚጡዬ አንቺ ደግሞ ቀስ ብለሽ አንብቢላት፣ ቁጥር ላይ ስትደርሺ እንዳትዘይ፣ «እሺ እሺ ገባኝ» ካለችሽ አልገባትም ማለት ነውና ድገሚላት።

ልጆቹ ሰላም ይሉሻል። ትልቋ ሂሳብ ላይ ጎበዝ ወጥታለች። ትንሹ ባለፈው ሳምንት የፊት ጥርሱ ወልቆ ጣራ ላይ ካልወረወርኩ ብሎ አስቸገረን፣ እኛ ያለነው ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ፣ የትኛው ጣራ ላይ ይወረወራል? በመጨረሻ ራሱ መላ አመጣ፣ «ለእማማ ላኩትና እሷ ቆርቆሮው ላይ ትወርውርልኝ» አለ። በሶፍት ጠቅልዬ ከብሩ ጋር በሰው ልኬዋለሁ። ቆርቆሮው ሳይነሳ ወርውሩለት።

ቆርቆሮው ይነሳል እማ። በስልክ ስነግርሽ «እስቲ ይሁና» ብለሽ ወሬ ቀየርሽ፣ ስለዚህ በጽሑፍ ይድረስሽ ብዬ ነው። ሳሎን ውስጥ በየክረምቱ 3 ሳፋ ተደርድሮ የሚኖርበት ዘመን ይብቃ። ፎርማኑ ለክቶ 70 ቆርቆሮ ይፈጃል ብሏል፣ ቆርቆሮ እዛው ደሴ አጠገብ ኮምቦልቻ ስለሚመረት ማጓጓዣው ብዙ አይሆንም። ሻጩ 35 ጌጅ ከ28 ይበልጣል ቢላችሁ እንዳትሰሙት፣ ቁጥሩ ሲያንስ ነው ብረቱ የሚወፍረው። ሥራው ጥቅምት ላይ ተጀምሮ በልጉ ሳይመጣ ማለቅ አለበት፣ መጀመሪያ ጣራ፣ ቀጥሎ የመብራት ገመድና ቧንቧ፣ ከዛ ግድግዳ፣ ቀለም መጨረሻ። ሰው ሲመጣ ቤቱ አምሮ ይቆየኝ ብለሽ ቀለሙን አስቀድሙ እንዳትያቸው።

አሁን ቁጥሩን ስሚኝ። ጣራው ከነሞራሌውና ከነኮርኒሱ 180 ሺህ፣ ሽንት ቤትና ሻወሩ 260፣ ወለሉ 190፣ ግድግዳው 140፣ በርና መስኮቱ 120፣ መብራቱ 90፣ ቀለሙ 60። ሲደመር 1 ሚሊዮን 40 ሺህ። እዚህ ላይ 15 ፐርሰንት መጠባበቂያ ማለትም 156 ሺህ ጨመርኩ፣ ምክንያቱም አሮጌ ቤት ሲነካ ጉዱ ብዙ ነው፣ እንጨቱን ምስጥ በልቶት ይሁን ደህና ይሁን ግድግዳው ሳይላጥ ማን ያውቃል። ደግሞ ከሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ነገር ዛሬ የጠየቅሽበት ዋጋ ነገ የለም፣ የሴራሚኩ ሻጭ የሰጠኝ ወረቀት ላይ «ዋጋው ለ7 ቀን ብቻ» ይላል። ጠቅላላ 1 ሚሊዮን 196 ሺህ። ያለን ደግሞ የኔ ዕቁብ 400፣ ያጠራቀምኩት 300፣ እህቴ 200፣ በአንድ ላይ 900 ሺህ። 296 ሺህ ይጎድላል።

ወንድሜን አልጠየቅኩትም። አንቺም እንዳትጠይቂው። ጂዳ ሆኖ ለራሱም አልተረፈ።

ግድግዳውን ፎርማኑ በሲሚንቶ ልለስነው ብሎ ነበር፣ እምቢ አልኩት። ጭቃ ላይ በቀጥታ የተለሰነ ሲሚንቶ አይያዝም፣ ጭቃው እርጥበት ሲስብ ያብጣል ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ሲሚንቶው አብሮት አይሄድም፣ ከጊዜ በኋላ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ወይ ሽቦ ተመትቶበት ነው ወይ ደግሞ እንደ ድሮው በደንብ በቦካ ጭቃ። ይሄንን አንቺ ከሱ ትበልጫለሽ፣ አባ አላህ ይዘንለትና ጭዱን ሲያስቦካ ግቢው ሳምንት ሙሉ ሲሸት፣ አንቺ ደግሞ ቀሚስሽን ሰብስበሽ አብረሽው ስትረግጪ ትዝ ይለኛል። እና ሲያቦኩ ወንበር አውጥተሽ ቁጭ በይና ተቆጪያቸው። ቁጭ በይ ነው ያልኩሽ፣ እንዳትገቢበት።

በ2014 የተሰበረው የዋናው በር መቀርቀሪያም በብረት ይቀየራል። ያን ጣውላ ሳየው አሁንም ያ ጥቅምት ይመጣብኛል።

ደግሞ የእድሳት ፈቃድ ሲጠየቅ ካርታው አሁንም በአባ ስም እንደሆነ ታየ። የወራሽነት ማስረጃ አውጡ ተባልን፣ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሄደን እናወጣዋለን። ልጆቼ በቁሜ ሊካፈሉኝ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። አስበሽ እንደሆነም ንገሪኝ፣ ለጎረቤት አትንገሪ።

ሽንት ቤቱን በተመለከተ። በጓሮ በኩል ከመኝታሽ ጋር ተያይዞ ነው የሚሠራው፣ በር ከፍተሽ ገባ ነው፣ ዝናብ የለ ደረጃ የለ። ፕላኑ ላይ መቀመጫውን ፊቱን ወደ ሰሜን አድርጎት ነበር፣ የደሴ ቂብላ ደግሞ ሰሜን ነው፣ «አንተ ሰውዬ እናቴ አንድ ቀን አትገባበትም» ብዬ አዞርኩት። ለውዱእ ዝቅ ያለ ቧንቧ ከነመቀመጫው ይኖራል፣ እግርሽን ወደ ላይ ሳታነሺ ትታጠቢያለሽ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ እንገዛለን፣ እህቴ ቤቱ ላይ ይውጣ ትላለች፣ 1,000 ሊትር እኮ 10 ኩንታል ነው፣ 10 ኩንታል ጭቃ ቤት ላይ ልትጭኝ ነው ወይ አልኳት። ለብቻው የብረት ቋሚ ይሠራለታል።

የሽንት ቤቱ በር 90 ሳንቲም ነው፣ ደፍ የለውም። ፎርማኑ ምነው ሰፋ ሲለኝ «ለባልዲ» አልኩት። አንቺም ትጠይቂኛለሽ ብዬ ለባልዲ ልልሽ ነበር።

እማ፣ ነሐሴ ላይ ሌሊት በዝናብ ስትወጪ ደረጃው ላይ መውደቅሽን ሰምቻለሁ። ማን ነገረሽ አትበይኝ። ሚጡ አይደለችም፣ ሚጡዬ ምን ያስደነግጥሻል ዝም ብለሽ አንብቢ። 3 ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ስደውል «ደህና ነኝ፣ ቡና እያፈላሁ ነው» ትይኝ ነበር፣ ለካ የምታፈላው ጎረቤት ናት፣ አንቺ ተኝተሽ ሲኒ እንኳን በአንድ እጅሽ ነው የምትቀበይው። ራጅ ተነሺ ስትባዪ እምቢ ብለሽ ወጌሻ አስጠራሽ። እኔ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ወለሏ ምን ዓይነት ሴራሚክ ይሁን እያልኩ ቀለም ስመርጥ። ለምን ደበቅሽኝ? «ነይና እኔ ጋ ኑሪ ትለኛለች» ብለሽ ነው አይደል? አዎ እላለሁ። እንደማትመጪም አውቃለሁ። በሩ ለምን እንደሰፋ ገብቶሻል መሰለኝ፣ አላህ አያድርገውና አንድ ቀን ወንበር ገፍተን ብንገባ ብዬ ነው።

ሚጡ ቀጣዩን በቀስታ አንብቢ።

«ሁሉንም እንደፈለጋችሁ፣ የሳሎኑን ሊሾ ብቻ እንዳትነኩብኝ» ብለሻል። ስሰማው ደሜ ፈላ። 1994 ላይ 12ኛን ጨርሼ ውጤቴ መጥቶ፣ ለኮሌጅ ብለሽ በርበሬ እየሸጥሽ የጣልሽው ዕቁብ 4,000 ብር ወጣ፣ በዛው ወር የወንድሜ ኒካህ ደረሰ፣ አባ የልጄ ሚዜ ጭቃ ላይ አይቀመጥም አለ፣ ብሩ በሁለት ቀን ውስጥ ወለል ሆነ። እኔ አሸዋውን ተሸክሜያለሁ እማ፣ ረስተሽው ይሆናል። አንቺ አንድ ቃል አልተናገርሽም፣ በማግስቱ ተንበርክከሽ ቀይ ሰም ስትቀቢው ነው ያየሁሽ። ትዳሩ 8 ወር አልቆየም፣ እኔ 2 ዓመት ሱቅ ውስጥ ሻማና ክብሪት ሸጥኩ። ይሄን ሁሉ ድምር የምደምረው 2 ዓመት ዘግይቶ በመጣ ትምህርት ነው።

እና እውነቱን ልንገርሽ፣ ወለሉ ላይ 190 ሺህ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፎርማኑ አይደለም። እሱ እንዲያውም ከበሩ እስከ ቡና ማፍያሽ የሄደውን ስንጥቅ በጣቱ ዳብሶ «ይሄ በትንሽ ሲሚንቶ ይሞላል፣ ቧንቧውም በውጭ ነው የሚሄደው፣ ምን አስቆፈረሽ?» ብሎኛል። በፎቶ አሳየኝ፣ ጥግ ላይ ከሰል ወድቆ ያቃጠለው ያ ጥቁር ክብ አሁንም አለ። አይቼ ዘጋሁት።

ከዛ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ወለሉን ከሂሳቡ አወጣሁት። ከነመጠባበቂያው 218 ሺህ 500 ወረደ፣ የጎደለን 77 ሺህ 500 ብቻ ሆነ፣ ቀለሙ ለከርሞ ቢቆይ ደግሞ የሚጎድለን 8,500 ብር ብቻ ነው። ወላሂ ተናደድኩ፣ ቁጥሩ ራሱ ላንቺ አደላ። ይሁን፣ ሊሾው ይቆይ። አልወደድኩትም፣ ግን ይቆይ። ሰም እንዳትቀቢው ብቻ፣ ያንሸራትታል።

የላኩት ብር ለሴፕቲክ ታንኩ ቁፋሮ ቀብድ ነው፣ ሳታስፈርሙ እንዳትሰጡ። አንድ ጥያቄ ቀረ። ሽንት ቤቱ ውስጥ የመያዣ ብረት ይተከላል፣ በቀኝ ይሁን በግራ ፎርማኑ እስከ ሐሙስ ይፈልገዋል። የትኛው እጅሽ ነው የሚያምሽ? ሚጡዬ፣ «ምንም አልሆንኩም» ካለችሽ አቦሉን ጀባ በያትና በየትኛው እጇ እንደምትቀበል አይተሽ ደውዪልኝ።