ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ በረኪናው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን አለሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አክስትሽ ትናንት ማታ ደውላ የሆነውን ሁሉ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

እሳተ ገሞራ እሠራለሁ ብለሽ በረኪናና አቼቶ በጣሳ ቀላቅለሽ፣ ማንም እንዳያይሽ ደግሞ በሩን ዘግተሽ! ልጄ፣ በረኪና ከውኃ በቀር ከምንም ነገር ጋር አይቀላቀልም። አሲድ ሲነካው ክሎሪን የሚባል ጋዝ ይለቅቃል፤ አቼቶም አሲድ ነው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ መሬት ይወርዳል፤ አንቺ ደግሞ ጣሳው ላይ አጎንብሰሽ ነበር። ወተት አጠጥተው አስተኙሽ አሉ። ወተቱ የሚወርደው ሆድሽ ውስጥ ነው፤ ጋዙ የገባው ሳንባሽ ውስጥ ነው። ጤና ጣቢያ እንድትወስድሽ ዛሬ ጠዋት ለአክስትሽ ደውዬ ነግሬያታለሁ፤ እንቢ እንዳትይ።

በስልክ ስስል ሰምተሽ "እማዬ፣ አመመሽ?" ስትይኝ "ብርድ ነው" ብዬሽ ነበር። ብርድ አይደለም። ቤይሩት በገባሁ በሁለተኛው ወር፣ መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ሳጥብ፣ እንዲነጣልኝ ብዬ በረኪናው ላይ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጨመርኩበት። ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ዓረብኛ ነው፤ ምን አውቄ! ዓይኔ ተቃጠለ፤ ጉሮሮዬን ሰው ያነቀኝ መሰለኝ። ግድግዳውን እየዳበስኩ ወጣሁ። ማዳም እንዳታባርረኝ ፈርቼ ለማንም ሳልናገር ተመልሼ ወለሉን አጥቤ ጨረስኩ። ያን ቀን ያሰርኩት ጥቁር ሻሽ በረኪና የተረጨበት ቦታ ወይቦ እስከ ዛሬ አለ። ለአንቺ ግን ስለ ባሕሩና ስለ መንገዱ መብራት ብቻ አወራሁሽ። ያኔ እውነቱን ነግሬሽ ቢሆን ኖሮ ያንን ጣሳ ባልነካሽው ነበር። ይቅር በይኝ።

ሙከራሽን ተዪ አላልኩሽም። ጠያቂ ልጅ ስለ ሆንሽ እኮራብሻለሁ። ጥሬ እንቁላል ከነቅርፊቱ ብርጭቆ ውስጥ አድርጊና እስኪሸፍነው አቼቶ አፍስሺበት። ቅርፊቱ ላይ ወዲያው ጥቃቅን አረፋ ይወጣል። በማግሥቱ አቼቶውን ቀይሪለት። በ2 ቀን ገደማ ቅርፊቱ አልቆ ስስ ሽፋኑ ብቻ ይቀራል፤ ወደ መብራት አንሥተሽ ስታዪው አስኳሉ ሲዋልል ይታይሻል። እንዳትበዪው፤ እጅሽንም በሳሙና ታጠቢ። የአረፋው ጋዝ የእንጀራን ዓይን የሚያወጣው ያው ጋዝ ነው፤ አያትሽ አብሲት ጨምራ ሊጡ ኩፍ ሲል አጠገቧ ቆመሽ እዪ። እሳተ ገሞራሽን ደግሞ በአቼቶና በቤኪንግ ሶዳ ሥሪው፤ ደጅ ላይ፣ ክዳን ሳትገጥሚበት።

በረኪናውን ግን አትንኪ። ከአቼቶ ጋር አይሆንም፣ ከሎሚ ጋር አይሆንም፣ ከሌላ ማጽጃ ጋር አይሆንም። አክስትሽ በለስላሳ ጠርሙስ የቀዳችውን ዛሬውኑ ወደ ራሱ ዕቃ ትመልሰው፤ ወንድምሽ ውኃ መስሎት ያነሣዋል። ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ።

ገንዘቡን ዓርብ እልካለሁ፤ የእንቁላል መግዣ ጨምሬበታለሁ። እሑድ ስደውል እንቁላሉ ምን እንደ ሆነ ትነግሪኛለሽ። ስስል ከሰማሽም ጠይቂኝ፤ ብርድ ነው አልልሽም።

እናትሽ