ደብዳቤ ለልጄ፦ የብርህና የዋትህ ነገር

አዲስ አበባ፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለናቲ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህ በሶውና ዳቦ ቆሎው ደርሶት ይሆን እያለች ነው፤ ደውልላት። በቴሌግራም ልመልስልህ ጀምሬ ነበር፤ ነገሩ በሁለት መስመር አላልቅ ሲለኝ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። እህትህ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። ጽሕፈቴ ካልተነበበልህ እሷን ጠይቅ፣ ለምዳዋለች።

ትንሽ ኮምፒውተር ራስህ ለመገጣጠም ብለህ የላክህልኝን የዕቃ ዝርዝር ሁለት ጊዜ አየሁት። መጀመሪያ አሳቀኝ፤ ኮምፒውተር በሊትር ሲለካ የሰማሁት ካንተ ነው። የውጪውን ሳጥን "አሥር ሊትር ኬዝ" ስትል የዘይት ጀሪካን ነው የታየኝ። ቀጥሎ ዋጋውን ሳይ ሳቄ ጠፋ። ሁሉም በዶላር፣ ሁሉም የአሜሪካ ሱቅ ዋጋ። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንዱ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ መቶን አለፈ። በዚያ ላይ ማጓጓዣው አለ፣ ቀረጡ አለ፣ ነጋዴውም የሚበላው አለ። ክረምቱን ሠርተህ ያጠራቀምካት 45 ሺህ ብር ያንን ቆንጆ ኬዝና ያቺን መብራቱን ለዕቃዎቹ የምታከፋፍለውን ትንሿን ፓወር ሰፕላይ ገዝታ፣ ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ማዘርቦርድ ጋ ሳትደርስ ታልቃለች።

ደግሞ "ለፕሮግራሚንግ ነው" ብለሃል። ናቲ፣ እኔ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። ኮድ ለመጻፍ እንዲህ ያለ የጌም ምስል የሚሠራ ግራፊክስ ካርድ አያስፈልግህም። ለጌም ነው በለኝ፣ አልቆጣም። ስድስተኛ ክፍል ሳለህ ከፕሌይስቴሽን ቤት ጆሮህን ይዤ ያወጣሁህን ቀን ታስታውሳለህ አይደል? የማታውቀውን ልንገርህ፤ ከመግባቴ በፊት በሩ ላይ ቆሜ አንድ ጨዋታ ሙሉ አይቻለሁ። ሦስት ለሁለት አሸንፈህ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዩ። አንተ አንድ በጀት ያለህ መስሎሃል። ሁለት ነው። አንዱ የብር፣ ሌላው የዋት። ብሩ ቢያጥርህ ከኔም ከአጎትህም ትበደራለህ፤ ዋት የሚያበድርህ ግን የለም። ኬዙ ባነሰ ቁጥር ፓወር ሰፕላዩም ያንሳል፣ አየሩም ያንሳል፣ እጅህም አይገባም። ዝርዝርህ ላይ የእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ ተጽፏል፤ ስንት ዋት እንደሚበላ ግን አንዱም ጋ አልጻፍክም።

ይህን የማወራው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ሃያ ሦስት ዓመቴ ሳለ ፒያሳ ሰው ሱቅ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። አንድ ደንበኛ ዘመዱ ከአሜሪካ የላከለትን ኮምፒውተር እንደ ታቦት ተሸክሞ መጣ። ከጀርባው፣ የመብራት ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ፣ ቀይ፣ የጥፍር ያህል ትንሽ መግፊያ ነበረች፤ 115 ላይ ቆማለች። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። በካቻቪቴ ጫፍ ወደ 230 መግፋት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አላየኋትም። ስሰካው "ጧ!" አለና የከረመ ዓሣ የሚመስል ሽታ ሱቁን ሞላው። ሰውዬው አልጮኸም፤ ዝም ብሎ ኮምፒውተሩን ያየው ነበር። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። የሦስት ወር ደሞዜ ሄደ። የዛሬዎቹ ፓወር ሰፕላዮች አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሳቸው ይለያሉ፤ አንተ ግን ማንኛውንም ዕቃ ከመሰካትህ በፊት ጀርባው ላይ የተለጠፈውን አንብብ። እኔ እስከ ዛሬ የሻይ ማፍያ እንኳ ገልብጬ ሳላይ አልሰካም፤ እናትህ ትስቅብኛለች።

ዝርዝሩን ተወውና በየሱቁ ተደርድረው የምታያቸውን ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች እይ። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7060፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ4፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ኤም920፤ ሦስቱም የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። እያንዳንዳቸው በትልቅም በትንሽም ኬዝ ይመጣሉ። ትልቁ ታወር ይቅርብህ። መዳፍ የሚያክለውም ይቅር፣ እሱ ካርድ የሚገባበት ቦታ የለውም። አንተ የምትፈልገው መካከለኛውን፣ ኤስኤፍኤፍ የሚሉትን ነው። የዴሉን ለክቼዋለሁ፤ 29 በ29 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ውፍረቱ 9 ከምናምን ነው። አባዛው፤ ስምንት ሊትር አይሞላም። ካንተ አሥር ሊትር ያንሳል ማለት ነው፣ ያውም አንጎሉ ማለት ፕሮሰሰሩ፣ ራሙና ዲስኩ ውስጡ ተገጥሞ።

ሻጩ ስለ ፕሮሰሰሩ "ኮር አይ ፋይቭ ነው" ካለህ ገና ምንም አልነገረህም። "አይ ፋይቭ ስንት?" በለው። 6500 ወይም 7500 ካለህ አራት ኮር (አራት የሥራ ክፍል) ያለው ስድስተኛና ሰባተኛ ጄኔሬሽን ነው። 8500 ካለህ ስምንተኛ ጄኔሬሽን ነው፣ ስድስት ኮር አለው። ሌላም ምክንያት አለ፤ ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ድጋፉ ተቋርጧል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛው ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው። ከዚያ በታች ያለውን በርካሽ ቢሰጡህም አትጓጓ።

አሁን ዋቱን እንቁጠር። የዚያ ኦፕቲፕሌክስ ፓወር ሰፕላይ 200 ዋት ነው። የገበያውን ባለ 500 ልግጠምለት ብትል አይገባለትም፤ ቅርጹም ሶኬቱም የፋብሪካው የራሱ ነው። ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድም የለውም። ስለዚህ ካርድህ የሚበላውን ሁሉ ከሚሰካበት ከማዘርቦርዱ ማስገቢያ መውሰድ አለበት፤ ያ ማስገቢያ ደግሞ ከ75 ዋት በላይ አይሰጥም። ድንበርህ እዚያ ጋ ነው። ፕሮሰሰሩ 65፣ ካርዱ 70፣ የቀረው ሁሉ ተደምሮ 30 ብንለው 165 ሆነ። ፕሮሰሰሩ ሲጨነቅ ለአፍታ ከ65 ሊያልፍ ይችላል፤ የተረፈችው 35 ለዚያ ትቀመጥ።

በዚህ ድንበር ውስጥ የሚገባ ጥሩ የጌም ካርድ አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋባይቱ ነው፤ 70 ዋት። ስሙን ግን ተጠንቀቅ። ባለ 8 ጊጋባይቱም 3050 ነው የሚባለው፣ እሱ 130 ዋት ይበላል፣ ተጨማሪ ገመድም ይፈልጋል። ወንድማማች ይመስላሉ እንጂ ለአንተ ማሽን አንዱ ብቻ ነው የሚሆነው። እሱ ካልተገኘ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1650፣ 75 ዋት፣ ጎኑ ላይ የገመድ መሰኪያ የሌለው። አርኤክስ 6400 በርካሽ ያሳዩሃል፤ 53 ዋት ብቻ ነው፣ ያጓጓል። ችግሩ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በአራት መስመር ብቻ መሆኑ ነው። የካርድ ማስገቢያቸው አራተኛው ትውልድ (ፒሲአይ 4) የሆነ አዲሶቹ ማዘርቦርዶች ላይ ይችለዋል፤ በእኛ ፒሲአይ 3 ላይ ግን የመስመሩ ፍጥነት በግማሽ ይወርድበታል።

ካርዱ "ሎው ፕሮፋይል" የሚሉት፣ ቁመቱ አጭር የሆነው መሆን አለበት። የተለመደው ካርድ ጀርባው ላይ ያለው ብረት 12 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የአንተ ኬዝ የሚቀበለው 8 ገደማ ነው። አጭሩ ብረት ከካርዱ ጋር በካርቶን ነው የሚመጣው፤ ያገለገለ ስትገዛ ካርቶኑ የለም፣ ብረቱም የለም። ባለፈው ወር አንድ ልጅ ረጅም ብረት ያለው ካርድ ይዞልኝ መጥቶ በብረት መጋዝ እንድቆርጥለት ለመነኝ። ቆረጥኩለት፣ ግን ዓይኔ ደስ አላለውም። አንተ ገንዘቡን ከመስጠትህ በፊት "አጭሩ ብራኬት የታለ?" በል። ካርዱ ወፍራም ከሆነም የጎረቤቱን ማስገቢያ ይሸፍናል፤ ከፓወር ሰፕላዩ ጋር እንዳይጋጭ በማስመሪያ ለካው።

ሌላ ማታለያም አለ። የድሮ ካርድ ሶፍትዌሩ ተቀይሮ በአዲስ ስም ይሸጣል፤ ዊንዶውስ ራሱ ይሸወዳል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘህ ሂድና ሱቁ ውስጥ አስነሳው። ሻጩ "አይ፣ አሁን መብራት የለም" ካለህ መብራት ሲመጣ ተመለስ።

ራም ላይ ብዙ አልልም። አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ከምትገዛ ሁለት ባለ 8 ይሻልሃል፣ በሁለት መንገድ ነው የሚሠራው። ዋጋው ግን ከመስከረም ጥቅምት 2018 ወዲህ በዓለም ገበያ ጣሪያ ነክቷል፤ ራሙ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ማዕከሎች እየሄደ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ይዞት የሚመጣው ራም ራሱ ገንዘብ ነውና ስትደራደር ቁጠረው።

ካርዱን ገዝተህ የሚተርፍህን ብር ለኤልኢዲ መብራት እንዳታውለው። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየውን ዩፒኤስ ግዛበት፣ ቮልቴጅ የሚያስተካክለውን ዓይነት፣ አቅሙ 650 ቪኤ ቢሆን ይበቃሃል። አዲስ ይሁን፤ ያገለገለ ዩፒኤስ ማለት ያለቀ ባትሪ ማለት ነው። እናትህ መብራት በሄደ ቁጥር ወደ ፍሪጁ ሶኬት የምትሮጠው በከንቱ አይደለም። ዕቃ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ መብራቱ ሲመለስ ነው፣ ከፍ ብሎ ስለሚመጣ። ያ አብሮህ የሚኖረው ልጅ ሻይ የሚያፈላበትን ምድጃ ደግሞ ካንተ ማከፋፈያ ላይ ንቀለው። ምድጃው ብቻውን ከሺህ ዋት በላይ ይበላል። በደግነት ንገረው፣ ሻዩን አንተም ትጠጣለህና።

የአዳማን ሙቀትና አቧራ አንተ ታውቀዋለህ። አልጋ ሥር አታስቀምጠው። የእነዚህ ማሽኖች ፕሮሰሰር ላይ ያለው ቴርማል ፔስት፣ ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሳልፈው ቅባት፣ ሰባት ስምንት ዓመት የሞላው ነው፤ ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። ጠርገህ አዲስ ትቀባለህ፣ የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ። አቧራውን በአየር ስታስወጣ ፋኑን በጣትህ ያዘው፣ እንዲሽከረከር አትፍቀድለት።

ጌሙን በተመለከተ ሕልምህን ትንሽ ዝቅ አድርግ። የኳሱንና ካውንተር ስትራይኩን በደንብ ያጫውትሃል። ዘንድሮ የወጡትን ከባዶቹን ግን ጥራቱን ቀንሰህ ነው፤ "አልትራ" የሚለውን ቁልፍ እንዳላየህ እለፈው።

ይህን ሁሉ ስጽፍልህ አንድ ነገር ደብቄሃለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አንድ 7060 እጄ ገባ። አይ ፋይቭ 8500፣ ራሙ ሁለት ባለ 8 ነው። ሻጩ ጋ ክዳኑን ከፍቼ አየሁት፣ ሰካሁት፣ ሠራ። አሁን ሱቅ ከጠረጴዛዬ ሥር ነው። ብርህን ለካርዱና ለዩፒኤሱ ያዘው። ለሴሚስተር ዕረፍት ስትመጣ ባዶ ቦርሳ ይዘህ ና። አቧራውን አልጠረግኩትም፣ ፔስቱንም አልነካሁትም፤ እሱ ያንተ ሥራ ነው። ካቻቪቴው የት እንዳለ ታውቃለህ።

አባትህ