ለብቻህ አትብላ

ልጄ፣ አቡሽዬ፦

ይህን የምጽፍልህ ከሥራ ገብቼ፣ አባትህ ለሌሊት ፈረቃ ከወጣ በኋላ ነው። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ድምፄ እንቢ አለኝ። አማርኛ ማንበብ እንደምትችል አውቃለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝ። ቀስ ብለህ አንብበው።

ያን እሑድ ማታ ማድ ቤት ቆመህ ሴት ልጅ እንደማታፈቅር፣ ልብህ ወደ ወንድ እንደሆነ ስትነግረኝ «እሺ» አልኩና ሽንኩርቴን መክተፌን ቀጠልኩ። ወደ ዩኒቨርሲቲህ እስክትመለስ በነበሩት አሥራ አንድ ቀናት ስለ ብርዱና ስለ መኪናህ ጎማ ብቻ አወራሁህ። አንተም ከትሪው ቀርተህ እንጀራህን በሳህን ይዘህ ወደ ክፍልህ ትገባ ጀመር። አንድ ማታ ሳህንህን አጥበህ ከሌላው ዕቃ ለይተህ መስኮቱ ሥር ስታስቀምጥ አየሁህ። ከነገርከኝ ነገር ይልቅ ያስደነገጠኝ ያ ሳህን ነው።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ። አጎትህ በሳንባ በሽታ እንደሞተ ነው የምታውቀው፤ ለለቀስተኛውም የተነገረው እንዲያ ነው። አጎትህ በኤድስ ነው የሞተው፣ በ1988 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ። እርሱ 27 ዓመቱ ነበር፣ እኔ 17። ነፃው የፀረ-ኤችአይቪ ሕክምና አገራችን የገባው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ለእርሱ አልደረሰም። ጠርዙ የተላጠ ሰማያዊ ጣሳ ነበረው። ጣሳው ከማድ ቤቱ ውጪ በምስማር ለብቻው ይንጠለጠል ነበር። ውሃ የማቀብለው እኔ ነበርኩ፤ ጣሳውን በነጠላዬ ጫፍ ይዤ። እጄን ያይ ነበር። አንድም ቀን ምንም አላለኝም። እናቴ ሌሊት ሌሊት እየተነሳች ላቡን ትጠርግለት ነበር፣ አባቴ በሬውን ሸጦ አሳክሞታል፤ እንወደው ነበር። ነገር ግን ማናችንም አጠገቡ ተቀምጠን በሽታውን በስሙ ጠርተን አላነጋገርነውም። ብቻውን ነው የሞተው፣ ቤት ሙሉ ሰው እያለ።

በሽታና አንተን አንድ አድርጌ እያየሁ እንዳይመስልህ። አጎትህ እጮኛ የነበረችው፣ ሠርጉን የሚጠብቅ ሰው ነበር፤ ያ በሽታ ማንንም አልመረጠም። የምነግርህ ስለ ጣሳው ነው። ያን ጣሳ በዚህ ቤት ዳግመኛ አልሰቅልም።

ከሄድክ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ሳነብ ቆይቻለሁ። የሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲዋ ኬትሊን ራያን ከባልደረቦቿ ጋር እንደ አውሮፓውያን በ2009 ያሳተመችው ጥናት አለ፤ ከዚህ በኋላ የምጽፍልህ ዓመቶችም በእነርሱ አቆጣጠር ናቸው። የተጠየቁት እንደ አንተ ያሉ 224 ወጣቶች ናቸው፣ ከ21 እስከ 25 ዓመት የሆናቸው። ቤተሰቦቻቸው ክፉኛ የገፏቸው፣ ምንም ካልተገፉት ወይም ጥቂት ከተገፉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ራሳቸውን ለማጥፋት መሞከራቸው በ8.4 እጥፍ ይበልጣል። ከባድ የመንፈስ ጭንቀት 5.9 እጥፍ። ቁጥሩን አንብቤ ኮምፒውተሩን ዘጋሁት፤ እንደገና ከፈትኩት። እኔ መግፋት ማለት መምታት፣ ከቤት ማባረር ይመስለኝ ነበር። እነርሱ ግን ጉዳዩ በቤት ውስጥ እንዳይነሳ ማድረግንም ከመግፋት ይቆጥሩታል። አሥራ አንድ ቀን ያደረግሁት ያንኑ ነው። ይቅር በለኝ።

አሁን እናት ብቻ ሳልሆን የፋርማሲ ሠራተኛም ሆኜ እናገርሃለሁና አትፈር፤ እኔም አላፍርም። በምሠራበት ቦታ በየወሩ በአንተ ዕድሜ ላሉ ልጆች ፕሬፕ የሚባለውን መድኃኒት 30 ክኒን እየቆጠርኩ አስረክባለሁ። ኤችአይቪን አስቀድሞ የሚከላከል ነው፤ እዚህ አሜሪካ ከ2012 ጀምሮ ተፈቅዷል። በታዘዘው መሠረት ከተወሰደ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የመያዝን ዕድል በ99 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። አጎትህ ይህን ቢሰማ ምን ይል እንደነበር እያሰብኩ ጠርሙሱን ስዘጋ እጄ የሚዘገይበት ቀን አለ። ክኒኑን ለሚወስድ ሰው በየሦስት ወሩ ምርመራ አለ፤ ኩላሊትም ይታያል። ቂጥኝንና ጨብጥን ግን አይከላከልም፣ ስለዚህ ኮንዶም ይኑርህ። ያሰጋህ ነገር ከተፈጠረ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመርና ለ28 ቀናት የሚወሰድ ሌላ ሕክምና አለ፤ በቶሎ በተጀመረ መጠን ይሻላልና እስኪነጋ እንኳ አትጠብቅ። የጉበት ቫይረስና ካንሰር ሊያመጣ የሚችለውን የኤችፒቪ ቫይረስ ክትባቶችህን መዝገቡን አይቼ አረጋግጬልሃለሁ፣ ተሟልተዋል። ለዝንጀሮ ፈንጣጣው ክትባት ግን ሐኪምህን ጠይቅ፤ ሁለት ጊዜ ነው የሚሰጠው፣ በ28 ቀናት ልዩነት።

የኢንሹራንሱ ነገር እንዳያሳስብህ። እስከ 26 ዓመትህ በእኔ ሥር ነህ። ምን እንደታከምክ የሚገልጸው ደብዳቤ ቤታችን በስሜ ይመጣል፤ ብዙ ልጆች ይህን ፈርተው ሐኪም ቤት ሳይሄዱ ይቀራሉ። እኔ አልከፍተውም። እንደታሸገ መሳቢያህ ውስጥ አኖረዋለሁ።

ልብህ ሲከብድ፣ ሌሊቱ አልገፋ ሲልህ ደውልልኝ፣ በማንኛውም ሰዓት። ለእኔ መንገር ካቃተህ ራሱን ለማጥፋት ላሰበና ልቡ ለከበደው ሰው የሚደርሰው የስልክ መስመር 988 አለ። ለአንተ ዓይነት ወጣቶች ብቻ ተብሎ ተለይቶ የነበረው የዚህ ስልክ መስመር በሐምሌ 2025 መዘጋቱ አናዶኛል፤ ዋናው መስመር ግን ይሠራል። ከ1998 ጀምሮ ለእንደ እናንተ ያሉ ልጆች የሚደርሰው ትሬቨር ፕሮጀክትም ሌሊትና ቀን ያነሳል። ዋሽንግተን ውስጥ ደግሞ ዊትማን ዎከር የሚባለው ጤና ጣቢያ ከ1970ዎቹ ጀምሮ እንዲህ ያለውን ሁሉ ሲያክም የኖረ ነው፤ እዚያ ምን እንደሆንክ ለማስረዳት አትደክምም።

አንዲት ጓደኛዬ ጠበል አስገቢው፣ ወይም «የሚመልሰው» ባለሙያ አለ አለችኝ። ለደግነቷ አመሰገንኳት፤ ነገሩን ግን አልፈልገውም። የዓለም ጤና ድርጅት ተመሳሳይ ፆታ ማፍቀርን ከበሽታ መዝገቡ ያወጣው ግንቦት 17 ቀን 1990 ነው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር። እዚህ ሜሪላንድም ፈቃድ ያለው ባለሙያ ዕድሜው ከ18 በታች የሆነን ልጅ «እመልሳለሁ» እንዳይል በ2018 ሕግ ወጥቷል። ጠበል የምወደው ነገር ነው፣ አንተንም ሕፃን ሳለህ በእቅፌ ይዤህ ገብቻለሁ። ልጄን ለማሰቃየት ግን አልወስድበትም። ጸሎቴን አላቋረጥኩም፤ የምጸልየው ስለ ጤናህና ስለ ዕድሜህ ነው።

አንተን የምጠራበት ቃል በቋንቋችን ብፈልግ ያገኘሁት ወይ ስድብ ነው ወይ የፍርድ ቤት ቃል። ስለዚህ «ልጄ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ባለፈው ሳምንት እንደ አንተ ያሉ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ስብሰባ ሄጄ ነበር፣ ፒፍላግ የሚባለው። መነሻው ጂን ማንፎርድ የተባለች የኒውዮርክ አስተማሪ ናት። ልጇ ተደብድቦባት በ1972 ሰልፍ ላይ ከጎኑ ጽሑፍ ይዛ ወጣች፤ በዓመቱ ወላጆችን አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰበሰበች። እኔ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ፤ ማንም ተናገሪ አላለኝም። ስወጣ አንድ ሽማግሌ ኮቴን አቀበሉኝና «ልጅዎ ስንት ዓመቱ ነው?» አሉኝ። 19 አልኩ። ከዚያ በላይ መናገር አልቻልኩም።

አባትህን ታገሠው። ገና አልተናገረም። በሄድክ ማግስት ጠዋት ግን ጫማውን እያሰረ «በልቶ ነው የሄደው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ስለ አንተ የሚጠይቀኝ ይህችኑ ነው።

አያትህ ለገና ና እያሉህ ነው። ሂድ አልልህም፣ አትሂድም አልልህም፤ አብረን እናስብበት። አገራችን ውስጥ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ ሰዎች መካከል ለሚፈጸም ግንኙነት እስራት እንደሚደነግግ እወቅ፤ የአሜሪካ ፓስፖርትህም ከዚያ አያድንህም። ስልክህ ላይ ያለውን ሁሉ ሳናይ አውሮፕላን አትሳፈርም።

ለሐኪሙ ደውለህ ቀኑን ስታውቅ ንገረኝ። ፈቃድ እወስዳለሁ። አብሬህ ልግባ አልልህም፤ ውጪ መኪናው ውስጥ እጠብቅሃለሁ። ስትወጣ ቤት ሄደን ሽሮ እሠራለሁ፣ በአንድ ትሪ።

እናትህ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ