ቀጋን ምነው ነቀላችሁት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። የምኖረው ኮተቤ ነው። አምና ልጄ «እማዬ፣ ግቢሽን ዘመናዊ እናድርገው» ብላ የግቢ ማስዋብ ባለሙያ አመጣችልኝ። ልጁ ትሁት ነው፣ ሥራውንም ይወዳል። ገበያ ደርሼ ስመለስ ግን አጥሩ ጥግ የነበረውን ቀጋዬን ከነሥሩ ነቅሎ ጠበቀኝ። «እሾሃም ቁጥቋጦ ነው እኮ፣ እማማ» አለኝ።

ቀጋ ጽጌረዳ ነው! በሳይንስ ስሙ ሮዛ አቢሲኒካ ይባላል። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ አገር በቀሉ ጽጌረዳ እሱ ነው። አበባው ነጭ ነው፤ ሽታው ደጅ ድረስ ይመጣል። ደብረ ብርሃን አካባቢ ያደግን ሁሉ ፍሬውን ለቅመን በልተናል። ውስጡ ያለውን ጸጉር ሳይጠርግ የዋጠ ጉሮሮውን ሲያሳክከው ይውላል።

በቦታው 12 ቀይ ጽጌረዳ ተጠጋግቶ በሰልፍ ተተከለ። ሥራቸው ነጭ ጠጠር ፈሰሰበት። ፎቶ ላይ ያምራል። ሐምሌ ሲገባ ግን ቅጠላቸው ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ፣ ከዚያም ረገፈ። አንዱን የያዘው ሁሉንም አዳረሰ። የዝዋይና የሆለታ እርሻዎች ጽጌረዳ እኮ ፕላስቲክ ቤት ውስጥ ነው የሚያድገው። ዝናብ ቅጠሉን አይነካውም። የኔ ግቢ ጣሪያ የለውም!

መስከረም ላይ ስድስቱን አንስቼ ለእህቴ ሰጠሁ። የቀሩትን ቅርንጫፋቸው ላይ ወደ ውጭ ካየችው ዓይን (አዲስ ቀንበጥ ከምታወጣው እምቡጥ) ከፍ ብዬ ገረዝኳቸው፤ መሀላቸው ነፋስ እንዲገባ ነው። በየመካከሉ ጤና አዳምና በሶብላ ተከልኩ። ውኃ የማጠጣው ጠዋት፣ ሥራቸው ላይ ብቻ ነው። ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ተባይ ሲወጣባቸው በሳሙና ውኃ አጥባቸዋለሁ። አሁን ደህና ናቸው።

ግቢና መንገድ ለምታስውቡ ባለሙያዎች የምለው አንድ ነገር ነው። ቀዩን ጽጌረዳ ትከሉ፣ አልጠላውም። ግን ለአጥር የሚሆን ቦታ ስታገኙ ቀጋን አስቡት። የእግረኛ መተላለፊያ ዳር ግን አይሁን፤ እሾሁ ነጠላ አያሳልፍም።

እኔ ዘመዶቼን አስቸግሬ ሦስት ቁራጭ አስመጣሁ። ሁለቱ ደረቁ፣ አንዱ ይዟል። የማውቃቸውን ችግኝ ሻጮች ሁሉ ዞሬ ቀጋ ያለው አጣሁ። ችግኙን የሚያፈላ ካለ በጋዜጣችሁ በኩል ያሳውቀን።

የኮተቤዋ አንባቢያችሁ